ለብጉር የትኛው ይሻላል? ሐዋሳ ላይ ሆነው ሕክምናውን ከነጉዳቱ መመዘን

ሐዋሳ ውስጥ ለብጉር የሚሆን ነገር ፈልጎ ፋርማሲ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጠንከር ያለውን ስጡኝ» ይላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ጥያቄ ከመነሻው ያሳስታል። ቆዳችን በተቆጣ ቁጥር ቦታው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ብጉሩ ከከሰመ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ያስቆጣው ብጉሩ ይሁን መድኃኒቱ ለቆዳው ለውጥ የለውም። ፊቱን በጠንካራ ክሬም የላጠ ሰው ብጉሩን ቀንሶ ጥቁረቱን ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የምንመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ሳያቋርጡ 12 ሳምንት ሊጠቀሙበት ይችላሉ ወይ? ከሚያስከትላቸው ጉዳቶችስ የትኛው ለእርስዎ ፈጽሞ የማይሆን ነው?

12 ሳምንት ያልነው በምክንያት ነው። ዛሬ ፊት ላይ ብቅ ያለ ብጉር ከቆዳ ሥር መፈጠር የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች የወጣውን ከማድረቅ ይልቅ ገና የሚመጣውን ይከለክላሉ። በሁለት ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ቱቦውን የሚጥል ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ያለዎትን ይለዩ

ብጉር አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ ይመጣል፦ ወዝ ይበዛል፣ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት የፀጉሩን ቀዳዳ ይደፍናሉ፣ እዚያ የሚኖረው ባክቴሪያ ይራባል፣ ሰውነትም ይቆጣል። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከአራቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ይነካሉ። ሐኪሞች ሁለት መድኃኒት አጣምረው የሚያዙትም ለዚህ ነው።

ግንባርና አፍንጫ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ የሚታይ ከሆነ ችግሩ የተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ መዋጥ ምንም አይጠቅምም። ነካ ሲያደርጉት የሚያም እብጠትና ጫፉ ላይ መግል የቋጠረ ካለ ባክቴሪያውና ቁጣው ተጨምሯል ማለት ነው። ከቆዳ ሥር ጠልቆ የገባ፣ ጠጣር፣ እንደ ባቄላ የሚዳሰስና ለሳምንታት የሚቆይ እብጠት ከሆነ ግን በክሬም ጊዜ አያባክኑ። እንዲህ ያለው የጎደጎደ ጠባሳ ይተዋል፤ የጎደጎደ ጠባሳን ደግሞ የትኛውም የሚቀባ ነገር አይሞላውም።

ብጉር የሚመስሉ ግን ያልሆኑም አሉ። ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ ሁሉም እኩል የሚያህሉ፣ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች በፈንገስ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በሙቀትና በላብ ወቅት ይበዛሉ፣ አንቲባዮቲክ ሲወሰድ ይባሱን ይስፋፋሉ። ወንዶች አንገትና አገጭ ላይ ከተላጩ በኋላ የሚወጣባቸው ደግሞ የተጠማዘዘ ፂም ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠር ቁጣ ነው፤ ለእሱ ከክሬሙ በፊት ምላጩን ማቆም፣ ፂሙንም በማሽን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ይቀድማል።

ፀጉር ላይ ቅቤ ወይም ወፍራም ቅባት የሚቀባ ሰው ብጉሩ በግንባሩ ጠርዝና በጆሮ ግንዱ አካባቢ ተደርድሮ ከወጣ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ የለበትም። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ወደ ግንባር ይወርዳል። ቅቤውን መተው ግድ አይደለም፤ ከፀጉሩ መነሻ ሁለት ጣት ያህል ርቆ መቀባት፣ ሲተኙ በሻሽ ማሰር፣ ሲያስወግዱም ፀጉሩን ታጥበው ሲያበቁ ፊትን መጨረሻ ላይ መታጠብ ይበቃል። ሞተር የሚነዱ ሰዎች ደግሞ የሄልሜቱን የውስጥ ጨርቅ ሳያጥቡ ወራት ስለሚያሳልፉ የግንባራቸውና የአገጫቸው ብጉር አይለቃቸውም።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፦ ርካሹና የሚናቀው

በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ይመጣል። መግል ለቋጠረ ብጉር 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል፤ የሚያስቆጣው ግን በጣም ያነሰ ነው። ፋርማሲው 10 በመቶ ብቻ ካለው ሌላ ፋርማሲ ይሂዱ። 5 በመቶ ብቻ ካገኙ እርጥብ ፊት ላይ ቀብተው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ አቆይተው መታጠብ ይቻላል፤ ለደረትና ለጀርባ እንዲያውም ይሄኛው መንገድ ይመረጣል።

ትልቁ ብልጫው ባክቴሪያው አይላመደውም። አንቲባዮቲክ ለሚወስድ ሰው አብሮ መታዘዝ ያለበትም ለዚህ ነው።

ጉዳቱ መድረቅ፣ መቆጥቆጥ፣ መላላጥ ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ እውነተኛ አለርጂ ያመጣል፦ የዓይን ሽፋን ያብጣል፣ ፊት በጣም ያሳክካል። እንዲህ ከሆነ መጠን መቀነስ መፍትሔ አይደለም፣ ጨርሶ ማቆም ነው። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ መንጋጋ ሥር በአንድ ሳንቲም ስፋት ላይ ሦስት ቀን ተከታታይ ቀብቶ ማየት ይጠቅማል።

ሌላው ጉዳት ልብስ ላይ ነው። ቀለም ይበላል። የነጠላው ነጭ ምንም አይሆንም፤ ጥበቡ ግን ይነጣል። ባለ ቀለም ሻሽ፣ ሂጃብ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣ ሁሉ ይበላሻል። ለትራስና ለፎጣ ነጭ ይለዩ፣ ከተቀቡ በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሙቀት ሲያገኘው ቤንዚን ወደተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሊፈርስ ይችላል፤ ይሄ መኪና ውስጥ የሚሞላው ቤንዚን አይደለም። በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር 95 ምርቶችን አስመርምሮ ጥቂቶቹ ከገበያ እንዲሰበሰቡ አድርጓል፤ አብዛኞቹ ግን ችግር አልተገኘባቸውም። ከዚህ ለእኛ የሚወጣው ትምህርት አጠባበቁ ነው፦ ቱቦውን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ፣ በመኪና ዳሽቦርድ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ። ጊዜው ያለፈበትን ይጣሉ። የሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውንም አይግዙ።

አዳፓሊንና ትሬቲኖይን፦ ትዕግሥት የሚፈልጉት

ሁለቱም ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ናቸው፤ የተደፈነውን ቀዳዳ ይከፍታሉ፣ አዲስ እንዳይደፈንም ያደርጋሉ። ለጥቁርና ነጭ ነጥብ ከእነሱ የሚበልጥ የሚቀባ ነገር የለም፤ ጥቁረቱንም ቀስ በቀስ ያሳሳሉ።

ከሁለቱ ለጀማሪ አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄልን እናስቀድማለን። የሚያስቆጣው ያነሰ ነው፣ ብርሃን አያበላሸውም፣ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋርም ይስማማል። ትሬቲኖይንን (0.025 ወይም 0.05 በመቶ) ግን ብርሃን ያፈርሰዋል፤ አብዛኞቹን ዓይነቶች ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሲነካቸውም ይበላሻሉ። ስለዚህ ትሬቲኖይን ማታ ብቻ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ጠዋት መሆን አለበት። የትሬቲኖይን ጥቅሙ ዋጋውና መገኘቱ ነው፤ አዳፓሊን ያጡበት ፋርማሲ ትሬቲኖይን ሊኖረው ይችላል።

ሰዎች የሚያቆሙት አቀባቡን ስለሚሳሳቱ ነው። አቀባቡ እንዲህ ነው፦

1. ማታ ፊትን ለስላሳ ሳሙና ይዘው በእጅ ብቻ ይታጠቡ፤ ቃጫ የለም፣ የልብስ ሳሙናም የለም።
2. በፎጣ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁና 20 ደቂቃ ይጠብቁ። እርጥብ ቆዳ መድኃኒቱን በብዛት ስለሚያስገባ ያቃጥላል።
3. የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ያውጡ። ግንባር፣ ሁለት ጉንጭ፣ አገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገው መላ ፊት ላይ በስሱ ያሰራጩ። ብጉሩ ላይ ብቻ ለይቶ መቀባት ስህተት ነው፤ ሥራው ያልወጣውን መከልከል ነውና።
4. የዓይን ዙሪያን፣ የአፍንጫ ጎንና የከንፈር ጥግ ይዝለሉ።
5. ከላይ ማለስለሻ ይቀቡ። ፊትዎ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ማለስለሻውን ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ያድርጉት።
6. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሦስት ቀን አንዴ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት ቀን እያለፉ፣ ከዚያ ቆዳው ከቻለ በየማታው።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ብጉሩ የባሰ ሊመስል ይችላል። ከሥር የነበረው ቶሎ ስለሚወጣ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፣ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ለውጡ የሚታየው ከ8ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። ቀላል መላላጥ የሚጠበቅ ነው። ቆዳው የሚያም፣ የሚሰነጠቅ፣ ውሃ ሲነካው የሚያቃጥል ከሆነ ግን ለሦስት አራት ቀን አቁመው በዝግታ ይመለሱ።

ዋጋውን ሲያሰሉ የቱቦውን ብቻ አይመልከቱ። በማታ ግማሽ ግራም ቢወጣ እንኳ የ30 ግራም ቱቦ 60 ማታ ይደርሳል። ውድ የሚመስለው ጄል በወር ሲካፈል በየሳምንቱ ከሚገዛ «የብጉር ሳሙና» ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁለቱንም መቀባት የለባትም።

አዜላይክ አሲድ፦ ለጠይም ቆዳ የተሠራ የሚመስለው

በ15 በመቶ ጄል ወይም በ20 በመቶ ክሬም ይገኛል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል። ብጉሩን ከአዳፓሊን በዝግታ ይቀንሳል፤ ጥቁረቱን ግን አብሮ ያነሳል፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም ይፈቀዳል። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተቀቡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማ መውረርና መቆጥቆጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለምዳል። ዋናው ችግሩ ሁልጊዜ አለመገኘቱና መወደዱ ነው። ብጉሩ ቀላል ሆኖ ጥቁረቱ የሚያስጨንቀው ሰው ገንዘቡን እዚህ ቢያውለው ይሻላል።

ሳሊሲሊክ አሲድ (ከ0.5 እስከ 2 በመቶ) በፊት መታጠቢያዎች ውስጥ የሚገኘው ነው። ለቀላል ጥቁር ነጥብ ይረዳል፣ ከላይ ካሉት ሁሉ ግን ደካማ ነው። ከአዳፓሊን ጋር ደርቦ መጠቀም ቆዳን ከማድረቅ በቀር ብዙ አይጨምርም።

አንቲባዮቲክ፦ የሚቀባውና የሚዋጠው

ክሊንዳማይሲን 1 በመቶ መግል የቋጠረውን ይቀንሳል፣ ቆዳንም ብዙም አያስቆጣም። ብቻውን ግን አይቀባም፤ ባክቴሪያው በወራት ውስጥ ይላመደዋል። ጠዋት ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር መሆን አለበት።

በየቤቱ መሳቢያ የማይጠፋው የዓይን ቅባት፣ ቲቲሲ፣ ለብጉር አልተሠራም። መሠረቱ ወፍራም ቅባት ነው፣ ውስጡ ያለው አንቲባዮቲክም ለዓይን የተመጠነ 1 በመቶ ነው። ለዓይን ይተዉት።

የሚዋጠው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ፣ በ6 ሳምንት ገደማ ለውጥ ያሳያል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፦ ሰው ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለ10 ቀን ይውጥና ያቆማል፣ ብጉሩ ይመለሳል፣ እንደገና ይገዛል። ይህ አካሄድ ባክቴሪያውን ከማስለመድ በቀር ምንም አይሠራም። ትክክለኛው ከ3 እስከ 4 ወር በተከታታይ፣ ከአዳፓሊንና ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ወስዶ፣ ከዚያ ክኒኑን አቁሞ በሚቀባው መቀጠል ነው።

የዶክሲ ጉዳቶች ሦስቱ አወሳሰዱን በማስተካከል ይቀንሳሉ። ጉሮሮ ውስጥ ከተጣበቀ ያቆስላል፤ ምራቅ እንኳ መዋጥ የሚያሳምም ቁስል ነው። ስለዚህ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃም ሳይተኙ ይቆዩ። አልጋ ላይ ሆኖ በአንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ ነው ጥፋቱ። ሁለተኛው ማቅለሽለሽ ነው፤ ከምግብ ጋር ይወሰድ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሲገድፍ ከምግቡ ጋር ይውሰደው፣ በባዶ ሆድ ጠዋት አይውጠው። የአይረን ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ግን መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ በሁለት ሦስት ሰዓት ይራራቁ። ሦስተኛው ፀሐይ ነው፦ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ የሚቃጠል ያደርገዋል። ሴቶች ላይ የብልት አካባቢ ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ሊያመጣ ይችላል። ለእርጉዝና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ዶክሲ እየወሰዱ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ሲሆን

ከ20 ዓመት በኋላ አገጭና መንጋጋ ላይ የሚበረታ፣ ከወር አበባ በፊት በነበሩት ቀናት የሚብስ ብጉር ለሆርሞን ሕክምና ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። የወር አበባው የተዛባ ከሆነና ፊት ላይ ፀጉር ከበዛ ግን ክሬም ከመግዛት በፊት ምርመራ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች የማይነገራቸው ነገር አለ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌና በክንድ የሚቀበረው፣ አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉርን ያስነሳሉ ወይም ያብሳሉ፤ ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለው ክኒን ግን ብጉርን ይቀንሳል። መርፌ ከጀመሩ ወዲህ ብጉሩ ከመጣ ለጤና ባለሙያዋ ይንገሩ፤ ሌላ ዘዴ ሳይዙ ግን አያቋርጡ። ክኒኑም ለሁሉም አይሆንም፦ ደም ግፊት ያለባት፣ ደም የመርጋት ታሪክ ያላት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ያለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ ሴት መውሰድ የለባትም። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የክኒኑን መከላከያነት ይሰብራል።

ስፓይሮኖላክቶን (ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም በቀን) ለአዋቂ ሴቶች ሌላው አማራጭ ነው። ሽንት ያበዛል፣ የወር አበባ ያዛባል፣ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል፤ በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ለወንድ አይታዘዝም፣ ጡት ያሳድጋል። ሁለቱም በሦስት ወር ነው መመዘን ያለባቸው።

አይሶትሬቲኖይን፦ ትልቁ ጥቅም፣ ትልቁ ጥንቃቄ

ጠባሳ ለሚተው ብጉርና ለሌላው ሁሉ እምቢ ላለ ብጉር የሚሆን የሚዋጥ እንክብል ነው። አራቱንም የብጉር መነሻ የሚነካ እሱ ብቻ ነው፤ ብዙዎች ላይም አንድ ዙር ይበቃል። በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም በቀን ይሰጣል፤ የዙሩ ድምር በኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ግራም እንዲደርስ ይሰላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ድምሩ ከ7,200 እስከ 9,000 ሚሊ ግራም ይሆናል። በቀን 40 ሚሊ ግራም ቢወስድ ከ6 እስከ 7 ወር ተኩል ማለት ነው። ከመጀመርዎ በፊት የሙሉውን ዙር ዋጋ፣ ከደም ምርመራው ጋር፣ ይደምሩ። በሦስተኛው ወር ገንዘብ አልቆበት የሚያቋርጥ ሰው ላይ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል።

እንክብሉ ያለ ስብ በደንብ አይገባም። ቅባት ካለው ምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ ባዶ ሆድ ላይ ወይም በሻይና በዳቦ ከተዋጠ ብዙው ይባክናል። ጾም የሚጾሙ ቅቤና ወተት ስለሌለ መድኃኒቱን መተው የለባቸውም፦ ዘይት የገባበት ሽሮ፣ ለውዝ፣ ወይም ግማሽ አቮካዶ ይበቃል፤ አቮካዶ ደግሞ ለሲዳማ ሰው ሩቅ አይደለም። የረመዳን ጾመኛም ከአፍጥሩ ጋር ያድርገው።

የከንፈር መድረቅ ሁሉም ላይ ይመጣል ማለት ይቻላል። እንዲያውም ከንፈሩ ያልደረቀ ሰው መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱ ይጠረጠራል። ቫዝሊን ኪስ ውስጥ ይያዝ። አፍንጫ ደርቆ ይደማል፣ ዓይን ይደርቃል፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ያማል፣ በተለይ ከባድ ስፖርት የሚሠራ ሰው ላይ። የጉበት ምርመራና የደም ቅባት ከመጀመሩ በፊትና መድኃኒቱ ሙሉ መጠኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ይታያሉ። የስሜት መጨለም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ይህን ቤት ያለ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፣ በሽተኛው ራሱ ላያስተውለው ይችላልና።

ለሴት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ፅንስ ነው። አንድ እንክብል እንኳ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የልጁን አንጎል፣ ልብና ፊት በከባድ ሁኔታ ሊጎዳ ይችላል። ከመጀመሩ በፊትና በየወሩ የእርግዝና ምርመራ፣ ከመጀመሩ አንድ ወር ቀድሞ የጀመረና ካቆሙ በኋላ አንድ ወር የሚቀጥል አስተማማኝ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ከአንድ በላይ ዘዴ ቢሆን ይመረጣል። ያላገባች ስለሆነች ብቻ ይህን ምክር የሚዘልላት ባለሙያ ካጋጠመ እርሷው ራሷ ትጠይቀው። ያልጨረሱትን እንክብል ለእህት ወይም ለጓደኛ መስጠት በፍጹም አይገባም።

ከዶክሲ ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ሁለቱ ሲገናኙ በአንጎል ዙሪያ ያለውን ግፊት ይጨምራሉ። የቫይታሚን ኤ ክኒንም አይጨመርበት። በሚወስዱበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ደም አይለግሱም። የፊት ፀጉር በሰም ማስነቀልም ለስድስት ወር ይቅር፤ ቆዳውን ይዞት ይነሳል።

በሦስት ቀን የሚያጠራው ክሬም

ሳሎን ውስጥ በብልቃጥ ተቀይጦ የሚሸጥ፣ ወይም ፋርማሲ ላይ ለፈንገስ፣ ለባክቴሪያና ለማሳከክ በአንድ ቱቦ የተሠራ ክሬም ፊትን በቀናት ውስጥ ያለሰልሳል፣ ያቀላል። የሚሠራው ውስጡ ባለው ስቴሮይድ ነው፤ ቱቦው ላይ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን የሚሉትን ስሞች ይፈልጉ። ቁጣውን ያፍናል እንጂ ብጉሩን አያክምም። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑ አዲስ ብጉሮችም ይፈላሉ። ሲያቆሙት ፊቱ ይነድዳል፣ ስለዚህ ይመለሱበታል። ብዙ ወራት የተጠቀመ ሰው በአንድ ቀን ከመጣል ይልቅ አወጣጡን ከቆዳ ሐኪም ጋር ቢያደርግ ይሻላል፤ ቁጣው የሚበርደው በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። አንዳንድ የማቅያ ቅይጦች ሜርኩሪም ይይዛሉ፤ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል።

ከኩሽና የሚመጡትን በአጭሩ፦ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳውን ያቃጥላል፣ ጥቁር ዱካም ይተዋል። ነጭ ሽንኩርት አስሮ ማደር እንደ እሳት ያቆስላል። የጥርስ ሳሙና ያደርቃል፣ ያስቆጣል። እሬትና ማር ጉዳት አያመጡም፤ ከእነሱ መድኃኒት መጠበቅ ግን አይገባም። ግሊሰሪን እንደ ማለስለሻ ጥሩና ርካሽ ነው፣ ግን ንጹሑን ከመቀባት እርጥብ ፊት ላይ ጥቂት ጠብታ ማሰራጨት ይሻላል።

ፀሐዩ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም። በሐይቁ ዳር ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ቃጠሎው አይሰማም እንጂ ጨረሩ ያው ነው። አዳፓሊን፣ ዶክሲና አይሶትሬቲኖይን ሦስቱም ቆዳውን ለፀሐይ ያጋልጣሉ፤ ጥቁረቱም በፀሐይ ይጠነክራል። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በሁለት ጣት ርዝመት መጠን ፊትና አንገት ላይ ይቀባል፤ ከቤት ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደግማል። ፊትን አመድ የሚያስመስለው ነጩ ዓይነት ካስጠላ የቆዳ ቀለም ያለውን ይምረጡ፤ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ጥቁረት የሚያመጣውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ስለሚያግድ ለእኛ ቆዳ እንዲያውም ይሻላል። መግዛት ካልተቻለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላን ግንባር ላይ ሳብ ማድረግ ከምንም ይሻላል።

እኛ ብንመርጥ

ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ላለው ተማሪ፦ አዳፓሊን ማታ፣ ሌላ ምንም። መግል የቋጠረ ለተጨመረበት፦ አዳፓሊን ማታ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ጠዋት፤ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን አይጀምሩ። አንዱን ጀምረው ሁለት ሳምንት ቆይተው ሌላውን ይጨምሩ፣ አለበለዚያ ፊት ሲቆጣ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለእርጉዝ፦ አዜላይክ አሲድ፣ ካልተገኘ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ። ጀርባና ደረት ላይ ለተስፋፋ፦ በሐኪም ትእዛዝ ዶክሲ ከሚታጠብ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር። ጠጣር እብጠት ወይም አንድ እንኳ የጎደጎደ ጠባሳ ለታየበት፦ ፋርማሲውን አልፎ ቀጥታ ወደ ቆዳ ሐኪም። በእኛ ግምት ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚጨርሰው እዚህኛው ላይ ነው፤ ዓመት ሙሉ ክሬም ሲቀያይር ጠባሳው ይቀድመዋል።

በከተማው ሰው «ሪፈራል» በሚለው በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በግል ክሊኒክ ቀጠሮ ሲይዙ ያለ ሜካፕ ይሂዱ። እስከ ዛሬ የቀቡትንና የዋጡትን ሁሉ ከነቱቦው በፌስታል ይያዙ፣ የጀመሩበትንና ያቆሙበትን ወር ይጻፉ። ሴት ከሆኑ የመጨረሻውን የወር አበባ ቀንና የሚጠቀሙትን የወሊድ መከላከያ ይጨምሩ። ከሳሎን የተሰጠዎትን ስም የለሽ ብልቃጥም አፍረው ቤት አይተዉት፤ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።